እህል በጥር በጋራ ይገዛ፤ ነቀዝና ባዶ ምጣድ የሚበሉት ብር ይቅር

ለተከበራችሁ የጋዜጣው አዘጋጆች፣

የኑሮ ውድነት በተነሣ ቁጥር ለደመወዝተኛውም ለቀን ሠራተኛውም የሚሰጠው ምክር «ቆጥቡ» ነው። ከምን ላይ እንደሚቆጠብ ግን የሚናገር የለም። ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ውስጥ የቤት ኪራይ ከፍሎ፣ ልጅ አስተምሮ፣ ከወር ወር በጭንቅ የሚደርስ ቤተሰብ ከጉርሻው የሚቀንሰው የለውም። ሊቀነስ የሚችለው ሳይበላ የሚያልቀው ነው፤ በችርቻሮ ልዩነት የሚሄደው፣ ነቀዝ የሚፈጀው፣ ባዶ ምጣድ እስኪግል ድረስ ቆጣሪ የሚቆጥረው። የምጽፍላችሁም ስለዚሁ ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው እህል ነው። አምስት ነፍስ ያለበት ቤት በወር ከ50 እስከ 60 ኪሎ እህል ይፈጃል። ይህንን ከሱቅ አምስት አምስት ኪሎ፣ ሲከፋም በጣሳ እያስለካ የሚገዛ ሰው የነጋዴውን ትርፍ፣ የሱቁን ኪራይና የክረምቱን ዋጋ አንድ ላይ ይከፍላል። የመኸር እህል ኅዳር ላይ መወቃት ይጀምርና ታኅሣሥና ጥር ገበያውን ይሞላዋል። ገበሬው የማዳበሪያ ዕዳ የሚከፍለውም፣ ልጅ የሚድረውም ያኔ ስለሆነ ጤፉንም ማሽላውንም ያወጣል። ከሰኔ በኋላ ጎተራ ይጎድላል፤ ገበሬው ራሱ ሸማች ይሆናል፤ ዋጋም ይሰቀላል። በበልግ የሚያመርተው ደጋ ግን ገብሱን ሰኔና ሐምሌ ስለሚያደርስ፣ ለበሶና ለቆሎ ገብስ የሚፈልግ ሰው ያን ጊዜ ቢጠብቅ ይሻለዋል።

«የኩንታል ብር በአንዴ ከየት ይመጣል?» የሚለው ጥያቄ እውነተኛ ነው። መልሱ ግን እጃችን ላይ ነው። ወሎ ቅሬ፣ ሌላው አገር ዕድር የሚለው፣ ያለበት አገር ነው። ድንኳንና ብረት ድስት በጋራ የገዛ ሰፈር እህል በጋራ መግዛት አያቅተውም። ስምንት ወይም ዐሥር ጎረቤት ከመስከረም መባቻ እስከ ጥር አጋማሽ በየሳምንቱ እኩል ያዋጣ፤ 19 ሳምንት ይሆናል። እንደ ተራ ዕቁብ ዕጣ አይወጣበትም። ብሩ በሁለት ሰው ፊርማ ባንክ ይቀመጥና ጥር ላይ ወደ እህል ይለወጣል። እንዲህ ያለውን ማኅበር የሚያፈርሰው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነገር ነው፤ «ለሁለት ሳምንት ብቻ» ተብሎ ከመሃል የሚሰጥ ብድር። ስለዚህ ከመጀመሪያው ቀን ሕጉ ይጻፍ፦ የቸገረው ያዋጣውን ያህል ወስዶ ያለ ቅጣት ይወጣል እንጂ ከሌላው ድርሻ አይበደርም።

ገበያ የሚወርዱት ሁለት ሰዎች ይሁኑ፤ አንዱ እህል የሚያውቅ፣ አንዱ ብር የሚይዝ። ማሽላ የሚፈልግ የባቲን ሰኞ ገበያ ወይም የቆቦን ወገን ይጠይቅ። ጆንያውን ከላይ ብቻ አይቶ መግዛት የተለመደ ስሕተት ነው፤ እጅን እስከ ክንድ አስገብቶ ከመሃል፣ ከዚያም ከሥሩ መዝገን ያስፈልጋል። ጤፍ ላይ አሸዋ መኖሩን በአንድ ብርጭቆ ውኃ መለየት ይቻላል። ሁለት ማንኪያ ጤፍ ውኃው ውስጥ ጨምሮ አዙሮ ጤፉን ከነውኃው ቀስ እያሉ ማፍሰስ ነው፤ አሸዋው ስለሚከብድ ሥር ይቀራል። ከዚያ አምስት ኪሎ መዝኖ በወንፊት ነፍቶ እንደገና መመዘን። ከአምስቱ ኪሎ 150 ግራም ከወጣ ከኩንታሉ ሦስት ኪሎ አፈርና እብቅ እየገዛችሁ ነው ማለት ነው፤ ዋጋ መከራከር ያለባችሁም በዚህ ላይ ነው።

ሒሳቡ መሠራት ያለበት በንጹሕ ኪሎ ነው። የእህሉ ዋጋ፣ የተሸካሚው፣ የጋሪው ወይም የባጃጁ ይደመርና ነፍቶ ለሚተርፈው ኪሎ ይካፈላል። ለስሌት ያህል ብቻ፣ ኩንታሉ 12,000 ብር፣ ተሸካሚ 100፣ ጋሪ 150 ቢሆንና ሦስት ኪሎ ቆሻሻ ቢወጣ፣ 12,250 ለ97 ሲካፈል ኪሎው 126 ብር ከ29 ሳንቲም ይመጣል። ሱቁ ንጹሑን 135 የሚሸጥ ከሆነ በኩንታል 845 ብር ተረፈ ማለት ነው። ሱቁ 127 የሚሸጥ ከሆነ ግን ድካሙ አያዋጣም፤ ከሱቅ ይገዛ። ይህን ስሌት ሳይሠሩ «ገበያ ርካሽ ነው» ብሎ መሄድ አንዳንዴ ያከስራል።

ክፍፍሉ ላይ ጠብ የሚነሣው የጆንያው ሁሉ ጥራት አንድ ስለማይሆን ነው። መፍትሔው ቀላል ነው። ሁሉንም አንድ ትልቅ ሸራ ላይ ዘርግፎ በአካፋ ሦስት ጊዜ ማገላበጥ፣ ከዚያ በሚዛን መከፋፈል። ጣሳ እዚህ ላይ አይገባም፤ አንዱ ሲጠቀጥቅ ሌላው ሲያንሳፍፍ ልዩነት ይመጣል።

አሁን ወደ ነቀዙ። በጥር ርካሽ የገዙትን በግንቦት ዱቄት ሆኖ ማግኘት ስንቱን ቤት «ሁለተኛ በጅምላ አልገዛም» አሰኝቷል። ጤፍን ነቀዝ አይደፍረውም፤ ነቀዝ የሚያድገው ፍሬው ውስጥ ስለሆነ የጤፍ ፍሬ አይበቃውም። ስለዚህ ጤፍ በደረቅ ቦታ በተራ ጆንያ ይቀመጣል። የሚበላው ማሽላው፣ በቆሎው፣ ስንዴው፣ ባቄላውና ሽምብራው ነው። በኮምቦልቻና በባቲ ሙቀት ነቀዝ ከእንቁላል ተነሥቶ ሌላ እንቁላል ጣይ እስኪሆን ከወር ብዙ አይፈጅበትም፤ ደሴ ብርዱ ያዘገየዋል እንጂ አያስቀረውም።

ለነዚህ እህሎች ባለ ሦስት ድርቡ ከረጢት ዋጋውን ያወጣል። ሁለት ወፍራም ላስቲክ ከውስጥ፣ አንድ የማዳበሪያ ጆንያ ከውጭ ነው። የሚሠራው በመድኃኒት አይደለም። አየር ስለማይገባ ውስጥ ያለው ነቀዝ ኦክስጅኑን ተንፍሶ ይጨርስና ይሞታል። ነገር ግን እህሉ እርጥብ ከሆነ ከረጢቱ ራሱ ያሻግተዋል። ድርቀቱን ለማወቅ ደረቅ የጠርሙስ ዕቃ ሲሶውን እህል ሞልቶ ሁለት ሦስት ማንኪያ ደረቅ ደቃቅ ጨው መጨመር፣ ከድኖ አንድ ደቂቃ መወዝወዝ፣ ሩብ ሰዓት ማቆየት። ጨው ከጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ እህሉ ገና ነው፤ ሁለት ሦስት ቀን ሸራ ላይ ፀሐይ ይምታው። መሬት ላይ በቀጥታ ማስጣት ግን የመሬቱን እርጥበት ያስጠጣዋል።

ላስቲኩን ከመሙላት በፊት በአየር ነፍቶ አፉን ጠምዝዞ መጭመቅና ጆሮ አስጠግቶ መስማት ይገባል፤ «ሽሽ» ካለ ቀዳዳ አለው። እህሉ ሲጨመር በየጊዜው እየተጫኑ አየሩን ማስወጣት፣ ከላይ አንድ ክንድ ያህል ላስቲክ ማስተረፍ። ከዚያ የውስጡን ላስቲክ ለብቻው ጠምዝዞ አጥፎ ማሰር፣ ሁለተኛውን እንዲሁ፣ ማዳበሪያውን መጨረሻ። ሦስቱን ባንድ ገመድ የሚያስር ሰው አየር ያስገባል። የመጀመሪያውን ሁለት ወር አይከፈትም። በየሳምንቱ የሚከፈት ከረጢት ከተራ ጆንያ አይሻልም፤ ስለዚህ ጤፉ አስቀድሞ ይበላ፣ ማሽላው ለክረምት ይቆይ። ከረጢቱ ከግድግዳው ስንዝር ያህል ርቆ እንጨት ላይ ይቀመጥ፤ በሐምሌና በነሐሴ ጉም የደሴ ግድግዳ ያልባል፣ አይጥም የምትሄደው ግድግዳ ታካ ነው። ከረጢት መግዛት ያልቻለ የድሮውን ዘዴ አይናቅ። ሽምብራውን ከጤፍ ጋር ቀላቅሎ ማስቀመጥ በፍሬዎቹ መካከል ያለውን ክፍተት ስለሚደፍነው ነቀዙ መንቀሳቀሻ ያጣል፤ ሲፈለግ በወንፊት ይለያል።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ እለምናለሁ። «የነቀዝ መድኃኒት» እየተባለ የሚሸጠውን ጋዝ የሚያወጣ እንክብል ሰው በሚተኛበት ቤት ማንም እንዳይጠቀም። የአየሩን እርጥበት ሲያገኝ የሚያወጣው ፎስፊን የተባለ ጋዝ ነቀዝና ሕፃን አይለይም፤ ሰው ይገድላል። ለሁለት ክፍል ኪራይ ቤት የተሠራ ነገር አይደለም።

ወፍጮ ቤት ለሁለት ሦስት ሳምንት የሚበቃውን ብቻ ይዞ መሄድ ያዋጣል። የማሽላ ዱቄትና ሽሮ ቅባት ስላላቸው ቶሎ ይበላሻሉ። ትኩስ ዱቄት እንደወረደ ተከድኖ ከተቀመጠ ያልብና ይጓጉላል፤ ቀዝቅዞ ይከደን።

ጤፍ ሲወደድ ሁለት እጅ ጤፍ ለአንድ እጅ ነጭ ማሽላ ጥሩ እንጀራ ይወጣዋል። ብዙዎች ሞክረው የሚተዉት በማግሥቱ ስለሚደርቅና ስለሚሰነጣጠቅ ነው፤ ጥፋቱ የማሽላው ሳይሆን የአብሲቱ ነው። ከቦካው ሊጥ አንድ ኩባያ ወስዶ ሦስት ኩባያ የፈላ ውኃ ላይ እያማሰሉ መጨመር፣ እንደ ቀጭን ገንፎ እስኪጠነክር ማብሰል፣ ለብ ሲል ወደ ሊጡ መመለስ። ለድብልቁ ለንጹሕ ጤፍ ከሚጨመረው አብሲት እጥፍ ያስፈልገዋል። በትኩሱ ከተመለሰ እርሾውን ይገድለዋል፤ እንጀራው ዐይን አልባ ይሆናል። ቡኮው ኮምቦልቻ ሁለት ቀን ሲበቃው ደሴ ሦስት፣ በክረምት አራት ቀን ይፈልጋል። ከላይ የሚንሳፈፈው ውኃ አብሲቱ ከመጣሉ በፊት ይደፋ።

ምጣዱ ሌላው ብር የሚሄድበት ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ይስባል። እስኪግል ሩብ ሰዓት ቢፈጅ አንድም እንጀራ ሳይወጣ 0.9 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ አለቀ። በሳምንት ሦስት ጊዜ የሚጋግር ቤት ለማጋያ ብቻ በወር 11 ኪሎዋት ሰዓት ይከፍላል፤ የመጀመሪያው የታሪፍ እርከን እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት መሆኑን ስናስብ ትንሽ አይደለም። ሁለት ጎረቤት ቀን ተነጋግሮ አንዷ ስትጨርስ ሌላዋ በጋለው ምጣድ ላይ ብትቀጥል ይህ በግማሽ ይቀንሳል፤ ሒሳቡን ተራ በተራ በየቤቱ በመጋገር ማቻቻል ይቻላል። የመጨረሻዎቹ ሁለት እንጀራዎች ሲቀሩ ምጣዱን ማጥፋት ነው፤ ሸክላው የያዘው ሙቀት ያበስላቸዋል። አክንባሎው ዙሪያውን እንፋሎት ካስወጣ ሙቀቱም አብሮ ይወጣል፤ ጠርዙን ማስተካከል ወይም መቀየር። ምጣድ በማከፋፈያ ገመድ አይሰካ፤ 16 አምፔር ስለሚስብ ወፍራም የራሱ መስመርና የራሱ ማቋረጫ ያስፈልገዋል። ገመዱ ከሞቀ የቆጠቡትን ቤቱ ይበላዋል። በእንጨት ለሚጋግሩ፣ ከሦስት ጉልቻ ይልቅ «ምርጥ» የሚባለው ምድጃ እንጨቱን እስከ ግማሽ ይቀንሳል። የተረፈ እንጀራ ሻጋታ ሳያይ በሁለተኛው ቀን ይሰጣና ድርቆሽ ይሁን፤ የሻገተውን ቀርፎ ማድረቅ አይገባም። ባቄላና ሽምብራ ደግሞ ሌሊቱን ተዘፍዝፎ ካደረ ከሰሉም ጊዜውም ያንሳል።

ቁጠባ ጤና ላይ የሚመጣበት አንድ ቦታ ስላለ ሳልጠቅሰው አላልፍም፤ ጓያ ነው። ርካሽ ሽሮ ውስጥ ጓያ እንደሚገባ የማያውቅ የለም። በችግር ጊዜ ብቻውን ለወራት ሲበላ እግር ይሰብራል፣ ማለትም ሽባ ያደርጋል፤ እንዲህ የተሰበረ እግርም አይመለስም። ደላንታ በ1980ዎቹ ማብቂያ ይህን በብዙ ሰው ላይ አይቷል። ቆሎውና ንፍሮው ከወጡ ይልቅ ያሰጋሉ። ሌላ አማራጭ የሌለው ቤት በብዙ ሙቅ ውኃ ዘፍዝፎ ውኃውን ደፍቶ፣ ከገብስ ወይም ከማሽላ ጋር ቀላቅሎ፣ በየቀኑ ሳይደጋግም ይብላው። ሽሮውን እኩል ሽምብራና አተር አስፈጭቶ ከቤት ማዘጋጀት ግን የተሻለ ነው፤ በጥር ከተገዛ ከተፈጨው ሽሮም ብዙ ጊዜ ይረክሳል።

ጋዜጣችሁን የምጠይቀው ይህንን ነው። በየሳምንቱ የአንድ ገጽ ጥግ ለእህል ዋጋ ስጡን። የደሴ፣ የኮምቦልቻ፣ የባቲ፣ የወልድያና የቆቦ ገበያ፣ ቀኑ ተጽፎ፣ ጤፉ በማኛ፣ በነጭ፣ በሰርገኛና በቀይ ተለይቶ፣ ማሽላውና ሽምብራው በኪሎ። ከኅዳር እስከ የካቲት ብቻ ብታወጡት እንኳ ይበቃል። ቅሬው ሰው ልኮ ዋጋ ከማስጠየቁ በፊት ጋዜጣ ገልጦ ያያል፤ ወደ የትኛው ገበያ መሄድ እንደሚያዋጣም ቤቱ ተቀምጦ ያሰላል።

ከአክብሮት ጋር
አንባቢያችሁ፣ ከደሴ ሆጤ