ትኩሳት ይዞህ አትሩጥ

ይድረስ ለልጄ ለማሙሽ፣

ስልክ ላይ «እሺ እማ፣ እሺ እማ» እያልክ ስለምትዘጋብኝ ነው የምጽፍልህ። ደብዳቤ አይዘጋም።

ሚስትህ ሁሉንም ነግራኛለች። እንዳትቆጣት፣ እኔ ነኝ ያስለፈለፍኳት። ሐሙስ ዕለት ብርድ ብርድ ብሎህ ሌሊቱን ስትንቀጠቀጥ አድረሃል። ቅዳሜ ከንጋቱ 11 ሰዓት ላይ ደግሞ ቱታህን ለብሰህ መስቀል አደባባይ ደረጃ ለደረጃ ልትሮጥ ወጣህ። «ላብ ያወጣልኛል» ብለህ! አርባ ሰባት ዓመትህ ነው እኮ። ግፊት አለብህ። ሲጋራውን ያቆምከው ባለፈው ፋሲካ ነው፤ ያውም ካቆምከው።

ትኩሳት ይዞህ አትሩጥ።

ሐኪም አይደለሁም፣ አውቃለሁ። ግን ፒያሳ መድኃኒት ቤት ቆሜ ነው ያሳደግኳችሁ። ጉንፋን የያዘው ሰው ሁሉ ገብቶ የሚለኝ አንድ ነገር ነበር፤ «ቶሎ የሚያስነሳ ስጪኝ»። ልክ እንዳንተ። ጉንፋንን ሳይንቅ የሚተኛ ወንድ በዚያ በር ሲገባ አላየሁም።

እህትህ ከቶሮንቶ አንድ ጥናት ልካልኝ ነበር። እዚያው እነሱ ጋ፣ ኦንታሪዮ የተሠራ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ። ኢንፍሉዌንዛ፣ ኃይለኛው ጉንፋን፣ እንደያዛቸው በላቦራቶሪ የተረጋገጠ ሰዎችን መዝገብ አገላበጡ። ከምርመራው በፊት በነበረው አንድ ዓመትና ከዚያ በኋላ ባለው አንድ ዓመት ውስጥ በሃርት አታክ ሆስፒታል የተገባው 364 ጊዜ ነው። ከዚህ ውስጥ 20ው የሆነው ከምርመራው በኋላ ባሉት ሰባት ቀናት ብቻ ነው። በሌላው ጊዜ በሳምንት ሦስት ገደማ ነበር። ስድስት እጥፍ ማለት ነው። ሳምንቱ ካለፈ በኋላ ነገሩ ወደነበረበት ይመለሳል። ሌሎቹ የመተንፈሻ ቫይረሶችም፣ ከኢንፍሉዌንዛው ቢያንሱም፣ አደጋውን ከፍ አድርገውት ተገኝተዋል።

ጉንፋን የያዘው ሁሉ ይወድቃል አላልኩም። እንደዚያማ ቢሆን አዲስ አበባ ውስጥ ሰው አይቀርም ነበር። ግን ግፊት ያለበት፣ ስኳር ያለበት፣ ያጨሰ ሰው የልቡ ደም ስር ግድግዳ ላይ ስብ ሲጋገር ነው የሚኖረው። አያመውም፣ አያውቀውም። ሰውነቱ ከቫይረሱ ጋር ሲታገል ብግነት፣ የሰውነት መቆጣት፣ ይነሳል። የዚያ ስብ ሽፋን ይሳሳል፣ ይሰነጠቃል። ደሙም በዚያ ሰሞን ለመርጋት ይቸኩላል። የረጋው ደም መንገዱን ከዘጋው፣ አለቀ። ትኩሳቱ ደግሞ ልብን እያስሮጠው ነው። ተኝተህ እንኳ እየሮጠ ያለውን ልብ ደረጃ ታስወጣዋለህ?

አያቴ በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ፣ ያ ኢንፍሉዌንዛ፣ ሲገባ ሰው እንደ ቅጠል ሲረግፍ አይታለች። እስክትሞት ድረስ ጉንፋንን በስሙ አትጠራውም ነበር። ይሄው ኅዳር 12 እየመጣ ነው፤ የሰፈሩ ሰው ቆሻሻ ሲያቃጥል ጭሱ ውስጥ ቆመህ እንዳላይህ።

አባትህን አስታውስ። ያኔ ስምንተኛ ክፍል ነበርክ፤ የምታውቀው ግን ለቅሶውን ነው። ከዚያ በፊት የነበረውን ሳምንት አታውቀውም።

ሐምሌ ነበር። መሥሪያ ቤቱ ሒሳብ የሚዘጋበት ሰሞን ነው። ጉንፋን ብለን የያዝነው ነገር አጥንቱን ሰባብሮት፣ ጋቢ ለብሶ እየተንቀጠቀጠ «ዛሬ ልቅር» ብሎ አስፈቀደ። አለቃው ሒሳቡ ሳይዘጋ የሚቀር ሰው የለም አለው። ያን አለቃ ስሙን አልጠራም፤ እሱም ሞቷል፣ ነፍሱን ይማር ልበል። አባትህ ሄደ። ማታ ዝናቡ እንደ ጉድ ይወርዳል፣ ታክሲ የለም። ከፖስታ ቤቱ ጀምሮ ያንን የቸርችል ዳገት በእግሩ ወጣው። ያቺን ግራጫ ካፖርት ለብሶ፤ ውሃ ጠጥታ ብቻዋን ሸክም ሆና ነበር። ለአንተ እስክሪብቶ ገዝቶ ኪሱ ውስጥ ይዟል፤ አልረጠበም።

ሲገባ «ደረቴን ከበደኝ፣ ጨጓራዬ ነው» አለኝ። ተልባ በጥብጬ ሰጠሁት። ላቡ ግንባሩ ላይ ቸፍ ብሏል፤ ሳብሰው ቀዝቃዛ ነው። ጎረቤት መጥቶ ምች ነው አለ፣ ዳማከሴ አሸን። ሊነጋጋ ሲል ሆስፒታል አደረስነው። ሐኪሙ ልቡ ነው አለን። ስለ ጉንፋኑ የጠየቀን ሰው የለም። እኛም አላነሳነውም፤ ጉንፋንና ልብ ምን ያገናኛቸዋል ብለን።

ተልባው ዛሬም በሕልሜ ይመጣል።

ትኩሳት ይዞህ አትሩጥ፣ ማሙሽዬ። ትኩሳቱ ከለቀቀህም በኋላ ሳምንት ቆይ። ከዚያ በእግርህ ከአራት ኪሎ እስከ ስድስት ኪሎ ቀስ እያልክ ሂድ፣ ደረጃውን ተወው።

ደግሞ የግፊት ክኒንህን አቁመሃል። ኢናላፕሪሉ ሳል አምጥቶብኛል ብለህ ነው አሉ። ደረቅ ሳል ማምጣቱ እውነት ነው፣ አልዋሸህም። ታዲያ ለሐኪምህ ትነግረዋለህ፣ በሌላ ይቀይርልሃል። በራስህ አይቆምም! ያውም ኢንፍሉዌንዛ በያዘህ ሳምንት።

ዲክሎፍናክ የሚሉትን የሕመም ማስታገሻ እንዳትነካ። የሥራ ጓደኛህ ከአሜሪካ የመጣ አይቡፕሮፌን ቢሰጥህም አትውሰድ፤ ሁለቱም ግፊት ይጨምራሉ፣ ለልብ ጥሩ አይደሉም። አፍንጫ የሚከፍቱትም ክኒኖች እንደዚያው ናቸው። ለትኩሳቱ ፓራሲታሞል ይበቃሃል። አሞክሳሲሊን አንቲባዮቲክ ነው፤ ቫይረስ አይገድልም፣ ብርህን አታባክን። ዝንጅብልና ማሩን ጠጣ፣ አልከለክልህም።

ደረትህን እንደ ድንጋይ ቢጫንህ፣ ሕመሙ ወደ ግራ እጅህ ወይ ወደ መንጋጋህ ቢሄድ፣ ቀዝቃዛ ላብ ቢያጠምቅህ፣ ጨጓራ ነው አትበለኝ። ራስህ መኪና እንዳትነዳ። ቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። ሚስትህም ስልኳ ላይ ትመዝግበው።

ስለ ክትባቱ ሐኪምህን ጠይቀው። እህትህ በየዓመቱ በነፃ ትወጋለች፤ እዚህ እንደዚያ ቀላል አይደለም፣ ግን መጠየቅ አይከፈልበትም።

ሾርባ ሠርቼ በልጅህ እልካለሁ። ያለፈውን ምሳ ዕቃ አብረህ መልስልኝ፣ ክዳኑንም። የገዛሁልህን የግፊት መለኪያ ከቁም ሳጥኑ አውጣ። ጠዋትና ማታ ተለክተህ ጽፈህ ላክልኝ። «ደህና ነው» የሚል መልስ አልቀበልም። ቁጥሩን።

እናትህ