አንጋፋውን አጥቂ ከማሰናበት በፊት ይለካ

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፤

የዝውውር ጊዜ በደረሰ ቁጥር በደሴም በኮምቦልቻም የሚነሳ ክርክር አለ። ለዓመታት ቡድኑን የተሸከመው የመስመር አጥቂ ውሉ ይታደስለት ወይስ ይሰናበት? አንዱ «አልቆለታል» ይላል፤ ሌላው የድሮ ጎሉን ያነሳል። ሁለቱም ስለ ዛሬው ተጫዋች የሚነግሩን ነገር የለም። መልሱ ግን ሜዳ ላይ ተለክቶ ሊገኝ ይችላል፤ የሚያስፈልገውም ሜትር፣ ጥቂት ኮን፣ አንድ ስልክና ታማኝ መዝጋቢ ነው።

የተለመደው ስህተት ተጫዋቹን 30 ሜትር አንድ ጊዜ አስሩጦ መፍረድ ነው። ሠላሳ ዓመት ያለፈው አጥቂ አርፎ አንዴ ሲሮጥ ከወጣቶቹ ብዙም ላይርቅ ይችላል። ጉድለቱ የሚታየው ሲደጋግም ነው። ስለዚህ በ20 ሜትር ልዩነት ሁለት መስመር ይሰመር፤ ተጫዋቹ በሙሉ ኃይሉ ሄዶ መስመሩን ረግጦ ይመለስ፤ 20 ሰከንድ ቆሞ ይረፍ፤ ይህን ስድስት ጊዜ ያድርግ። የስድስቱ ሰዓት አማካይ ከምርጡ ሰዓት በስንት በመቶ እንደዘገየ ይሰላል። ምርጡ 7.00 ሰከንድ፣ አማካዩ 7.35 ቢሆን ልዩነቱ 5 በመቶ ነው። ይህ ቁጥር ለብቻው ፍርድ አይሆንም፤ ትርጉም የሚኖረው በዚያው ቀን በዚያው ሜዳ ከሮጡት የእሱ ቦታ ተጫዋቾች ውጤትና ከራሱ ያለፈ ውጤት ጋር ሲተያይ ነው።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያሻል። ልምድ ያለው ተጫዋች ጉልበት መቆጠብ ያውቅበታል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዙሮች ለዘብ ብሎ ከሮጠ ልዩነቱ ይጠብና ያልደከመ ይመስላል። መከላከያው ቀላል ነው፦ አስቀድሞ አንድ ዙር ብቻ በሙሉ ኃይሉ ይሩጥ፣ 5 ደቂቃ ይረፍ፣ ከዚያ ስድስቱን ይጀምር። የስድስቱ የመጀመሪያ ዙር ከዚያ ሩጫ ከ2.5 በመቶ በላይ ከዘገየ ፈተናው ቆሞ ከ5 ደቂቃ በኋላ እንደ አዲስ ይጀመር።

ሰዓት አያያዙም ብዙ ጊዜ ውጤቱን ያበላሸዋል። በእጅ የሚያዝ ሰዓት 0.2 ሰከንድ ያህል ሊሳሳት ይችላል፤ ከላይ ያየነው ልዩነት ደግሞ 0.35 ሰከንድ ብቻ ነው። መነሻውና መድረሻው አንድ መስመር ስለሆነ ስልኩን በዚያ መስመር አቅጣጫ አቁሞ በቪዲዮ መቅረጽ ይሻላል። በሰከንድ 30 ምስል የሚቀርጽ ተራ ስልክ ስህተቱን ወደ 0.03 ሰከንድ ያወርደዋል። ሁሉም በታኬታ ይሩጡ፤ አንዱ በስኒከር ሌላው በታኬታ ከሮጠ የተለካው ጫማው ነው።

የእኛን ሁለት ከተሞች በተለይ የሚመለከተው ከፍታ ነው። በመካከላቸው ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆንም ደሴ ወደ 2,500 ሜትር፣ ኮምቦልቻ ደግሞ ወደ 1,850 ሜትር ከፍታ ላይ ናቸው። በደሴ ከፍታ የአየር ግፊቱ ከባሕር ጠለል ሩብ ያህል ያንሳል። ይህ አንድን አጭር ሩጫ አያዘገየውም፤ የሚጎዳው በሩጫዎቹ መካከል ያለውን ማገገም ነው። ስለዚህ ደሴ ባለው ሆጤ ሜዳ ላይ የተመዘገበን ውጤት ኮምቦልቻ ከተመዘገበ ጋር ማወዳደር ተጫዋቹን መበደል ነው። በተቃራኒው የኮምቦልቻ የቀትር ሙቀትም ውጤት ያዛባል። ደሴ ላይ ደግሞ የጠዋቱ ብርድ ሳይለቅ በቂ ማሟሟቅ ሳይደረግ በሙሉ ኃይል ማስሮጥ የኋላ ታፋን ጡንቻ ለጉዳት ያጋልጣል። ቢያንስ 20 ደቂቃ ማሟሟቅ፣ በመጨረሻም ፍጥነቱ ቀስ በቀስ የሚጨምር ሦስት ሩጫ ያስፈልጋል።

የኋላ ታፋን ካነሳን፣ በእግር ኳስ ከጡንቻ ጉዳቶች ሁሉ የሚበዛው ይኸው ነው፤ አንዴ የተጎዳበት ሰው እንደገና የመጎዳት ዕድሉ ከፍ ይላል። ወጌሻው ተጫዋቹ ስንት ጊዜ፣ በየትኛው እግር፣ ለስንት ሳምንት እንደወጣ መዝግቦ ካልያዘ ክለቡ ውል የሚያድሰው በጭፍን ነው።

ቀጥሎ የጨዋታ ቪዲዮ ይታይ። ጎልና አመቻችቶ ማቀበል ብቻ አይቆጠር። ቢያንስ በአምስት ጨዋታ ከተከላካይ ጀርባ ያለ ኳስ ስንት ጊዜ እንደሮጠ፣ ኳስ ሲነጠቅ ስንት ጊዜ ወዲያው እንደተመለሰ፣ ሰው ለሰው ሲጋጠም ስንቱን እንዳለፈ ይቆጠር። የመጀመሪያው 15 ደቂቃ ከ60ኛው እስከ 75ኛው ደቂቃ ካለው ጋር ይተያይ። ሩጫውን ትቶ ኳስ በእግሩ ሥር ብቻ መጠየቅ ከጀመረ ከሰዓቱ ቁጥር በፊት ይህ ይነግረናል። ግን ፍርዱ እሱ ላይ ብቻ አይውደቅ። አማካዩ ኳሱን ዘግይቶ ከለቀቀለት፣ ከጀርባው ያለው የመስመር ተከላካይ ካላገዘውና ሁልጊዜ ሁለት ሰው ከገጠመ፣ የሃያ ዓመት ወጣትም ቢሆን ዘገምተኛ ይመስላል። ተመልካች ብዙ ጊዜ የሚስተው ይህን ነው።

በእኔ እምነት ትልቁ ጥፋት «ወይ ሙሉ 90 ደቂቃ ወይ ስንብት» ማለት ነው። የካሜሩኑ አጥቂ ሮዤ ሚላ በ1990ው የዓለም ዋንጫ 38 ዓመቱ ነበር፤ አራቱንም ጎሎች ያስቆጠረው ተቀይሮ እየገባ ነው። ዛሬ ሕጉ እስከ አምስት ቅያሪ ይፈቅዳል። የመጀመሪያዎቹ ሩጫዎቹ ፈጣን ሆነው መደጋገም ያቃተው ተጫዋች ለመጨረሻው 25 ደቂቃ ውድ ሰው ነው። ነጠላ ሩጫውም የወረደ፣ ግን ኳስ አያያዙና እይታው ያለ ከሆነ ወደ መሀል ገብቶ ይሞከር። ፍጥነቱም ኳስ አያያዙም ከጎደሉ፣ ከጨዋታ በኋላም በ72 ሰዓት ውስጥ ወደ ወትሮው የዝላይ ከፍታው የማይመለስ ከሆነ (ጣት ላይ ጠመኔ ቀብቶ ግድግዳ ላይ ምልክት ማስነካት ለዚህ ይበቃል)፣ መሰናበቱ ትክክል ነው።

ፈተናው ሁለት ጊዜ ይደረግ፤ ዝግጅት ሲጀመርና ከአራት ሳምንት በኋላ። ከእረፍት በተመለሰበት ሳምንት ብቻ የተለካ ሰው የተለካው እረፍቱ ነው። ውጤቱንም ከቦርዱና ከደጋፊው በፊት መጀመሪያ ተጫዋቹ ራሱ ይየው፤ አሰልጣኙ ቪዲዮውን ከፍቶ ያስረዳው።

ከአክብሮት ጋር
የእግር ኳስ አሰልጣኝ፣ ከደሴ