ለአብሮ አደጌ፣ ከአራት ዓመት በኋላ

ውድ ወንድሜ፣

እንደምን ከርመሃል? ልጆቹስ? እኔ ፈጣሪ ይመስገን፣ ደህና ነኝ።

ይህን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ትቼዋለሁ። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ኑሮ ውድነቱ እየጻፍኩ ከዋናው ነገር ስሸሽ ይታወቀኛል። ዛሬ ከዋናው ልጀምር።

ሚያዝያ 2014፣ ሐሙስ ማታ ደወልክልኝ። "እማዬ ስልክ አታነሳም፣ ምን ሆና ነው?" አልከኝ። እኔ በዚያ ሰዓት እናንተ በር ላይ ነበርኩ። ድንኳኑ ተተክሏል፣ የእድሩ ወንበር እየተደረደረ ነው። ለቅሶው እንዳይሰማህ ወደ አስፋልቱ ሮጥኩና "ደህና ናቸው፣ ኔትወርክ ይሆናል" አልኩህ። "እሺ፣ ነገ ሄደህ እያት" አልከኝ። "እሺ" አልኩህ።

በማግስቱ እማማን ጴጥሮስ ወጳውሎስ ቀበርናቸው። ቅዳሜ ገና ሳይነጋ እዚያ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያሉት ወዳጆችህ በርህን አንኳኩ።

መርዶ ወጉ ይኸው ነው፣ ታውቀዋለህ። ሰው ብቻውን ሆኖ፣ ሥራ ላይ ወይ መኪና እየነዳ እንዳይሰማ ነው። ዘመድ ወዳጅ ከብቦ ይያዘው ተብሎ ነው። ልማዱን አሁንም አልጠላውም፣ ከፍቅር የመጣ ነው። ግን ውሸቱን የሚሸከም አንድ ሰው ይፈልጋል። ሽማግሌዎቹ "አደራ፣ ካንተ አፍ እንዳይወጣ" ብለውኝ ነበር። በእነሱ ግን አላመካኝም። እንዳልነግርህ ሲከለክሉኝ ቀለል ብሎኝ ነበር። ልቅሶህን መስማት ፈርቼ ነበር።

ከዚያ ሰልስቱ ይለፍና እደውላለሁ አልኩ። አርባው ይውጣ አልኩ። ሙት ዓመቱ ደረሰ። በዘገየሁ ቁጥር "እስካሁን የት ነበርክ?" የሚለው ጥያቄ እየከበደኝ ሄደ። ሰው የሚራራቀው ሲጠላላ ይመስለኝ ነበር። እኔ አንድም ቀን አልጠላሁህም። ያፈርኩበትን ፊት ማየት አቃተኝ እንጂ።

በ2016 ሰፈራችን ዶሮ ማነቂያ ሲፈርስ ያየሁትን ልንገርህ። በቦይ ውኃ ተጣልተው 11 ዓመት የተኮራረፉት ሁለቱ እትዬዎች ትዝ ይሉሃል? ዕቃ በሚጫንበት ቀን አንደኛዋ ሙቀጫቸውን ብቻቸውን ሲጎትቱ፣ ሌላዋ መጡና በአንድ በኩል ያዙላቸው። ቃል አልተነጋገሩም። አይሱዙው ላይ ካወጡት በኋላ ግን ተቃቅፈው አለቀሱ። "ልጅሽ የወለደች ጊዜ ገንፎ ይዤ በርሽ ድረስ መጥቼ ተመልሻለሁ" አሏቸው። በርና በር እኮ ናቸው! ያን ሁሉ ዓመት አስር እርምጃ ነው ያቃታቸው። እዚያው ቆሜ ስልኬን አወጣሁ። ስምህን አየሁት። መልሼ ኪሴ ከተትኩት።

እኛ አሁን አራብሳ ነን። የሰፈሩ ሰው በየአቅጣጫው ተበትኗል። ጎረቤቱን አሁንም አልለመድኩትም፣ ማታ ማታ ጸጥታው ይከብደኛል።

ቤታችሁ ከመፍረሱ በፊት እህትህ የእማማን ረከቦትና ስድስት ሲኒ ሰጥታኛለች። ጠርዟ የተሸረፈችው ሲኒም አለች። አንተ ሸርፈሃት፣ እኔ "እኔ ነኝ" ብዬ የተቆነጠጥኩባት። ያቺ ውሸት አንድም ቀን አልቆጨችኝም። የሐሙሷ ግን እንቅልፍ ነስታኛለች። ይቅር በለኝ።

የቀብሩን ቀን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ልነግርህ እፈልጋለሁ። ማን እንደመጣ፣ ማን እንዳስለቀሰ፣ የእድሩ ሴቶች ሌሊቱን ሙሉ ንፍሮ ሲቀቅሉ ስለ እማማ ምን ምን እንዳወሩ። ይህ ሁሉ የአንተ ነው፣ እኔ ጋ ዝም ብሎ ተቀምጧል።

በእኛ ሰዓት ማታ ከ2 ሰዓት በኋላ ቤት ነኝ። ደውልልኝ። ተቆጣኝ ከፈለግክ። ብታለቅስም እሰማለሁ።

ወንድምህ