ትራክተራችንን ዳግም ለማስነሳት የቀረበ ሦስተኛ የድጋፍ ጥሪ

ለማኅበራችን አባላት፣ በአሰላ፣ በአዳማና በአዲስ አበባ ለምትኖሩ የቀበሌያችን ተወላጆች፣ በሪያድ፣ በጅዳና በቤይሩት በሰው ቤት ለምትደክሙ ልጆቻችን፤

የአክብሮት ሰላምታችን ባላችሁበት ይድረሳችሁ። ይህ ደብዳቤ ሦስተኛው ነው። በሁለተኛው ጥሪያችን ላይ «ከዚህ በኋላ አናስቸግራችሁም» ብለን መጻፋችንን አልረሳንም። ቃላችንን መጠበቅ አልቻልንም። እንደገና እጃችንን ስንዘረጋ ፊታችን ቀልቶ ነው፤ ዝም ብንል ግን እስከ አሁን ያዋጣችሁት ሁሉ ከዛፍ ሥር ዝጎ ይቀራል።

የሆነውን እንንገራችሁ። መጋቢት ውስጥ በአንድ ቅዳሜ ሞተሩ ተነሳ። አሥራ አንድ ዓመት ድምፁ ያልተሰማው ቤላሩስ ትራክተራችን መጀመሪያ ነጭ፣ ቀጥሎ ጥቁር ጭስ ተፋና ድምፁን አስተካክሎ ያዘ። እናቶች እልል አሉ። ከገበያ የሚመለሰው ሰው አህያውን አቁሞ ያይ ነበር። ሽማግሌዎቻችን ዱኣ አደረጉ፣ የደብሩ ቄስ ባረኩ። ሃያ ደቂቃ ያህል እንደሠራ የዘይት ግፊት መለኪያው ቀስት ወረደ፤ ከሞተሩ ሆድ ኳኳታ ተሰማ፤ መካኒኩ ሮጦ አጠፋው። የዘይት መለኪያውን ዘንግ መዝዘን ስናይ፣ ማንም ሳይጨምርበት ዘይቱ ከምልክቱ በላይ ወጥቷል፤ እንደ ውኃ ቀጥኗል፤ ናፍጣ ናፍጣ ይሸታል። ለካ የናፍጣው ፖምፓ ውስጥ ለውስጥ እያፈሰሰ ናፍጣውን ወደ ዘይቱ ቋት ሲያንቆረቁረው ቆይቷል። የቀጠነ ዘይት ብረትን ከብረት መፋተግ አያድነውም። የሞተሩ ዋና ዘንግ፣ ክራንክ ሻፍቱ፣ የሚሽከረከርባቸው ብሮንዚናዎች ተበልተዋል፣ ዘንጉ ራሱም ተጭሯል።

«ፖምፓውን ለምን አስቀድማችሁ አላስፈተሻችሁም? ለምን ጎማ ቀደመ?» የሚል ጥያቄ ከብዙዎቻችሁ ደርሶናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ፖምፓውን ያየው ጋራዥ ሳይፈታ፣ በመሞከሪያ ማሽን ላይም ሳያወጣው «ደህና ነው» አለን፤ እኛም ገንዘቡ እንዳያልቅ ስለፈራን አመንን። ይህ የኮሚቴው ስህተት ነው፤ እንቀበላለን። ጎማውን በማስቀደማችን ግን አንጸጸትም። የኋላ ጎማዎቹ ተሰነጣጥቀው፣ ቸርኬው ጭቃ ውስጥ ተቀብሮ ነበር። ያለ ጎማ ትራክተሩ ከቦታው ንቅንቅ አይልም ነበር፤ የጎማ ዋጋም በየወሩ ሲጨምር በዓይናችሁ አይታችኋል።

ገንዘባችሁ የት እንደገባ እነሆ። በመጀመሪያው ጥሪ 284,600 ብር ተሰበሰበ። ከዚህ ውስጥ 148,000 ብር ሁለት የኋላ ጎማ ከነካላማዳሪው፣ 61,500 ብር የሞተር ዕቃ፣ ማለትም የፒስተን ፋሻና የሞተሩን መጋጠሚያዎች የሚያሽገው ሙሉ ጓርኒሲዮን ተገዛበት። ከመቆም ብዛት ከሞተሩ ጋር ዝጎ የተጣበቀው የፍሪሲዮን ዲስክ በ18,000 ብር፣ ባትሪው በ21,000 ብር ተተካ። ለመካኒኩና ለረዳቱ የተከፈለው 24,000 ብር ነው። ዘይት፣ ፊልትሮና ናፍጣ 9,300 ብር ወሰደ። የተረፈው 2,800 ብር ባንክ ውስጥ አለ። ደረሰኞቹ በሙሉ በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ተጠርዘው ተቀምጠዋል፤ ማንም አባል መጥቶ ማገላበጥ ይችላል። ከኮሚቴው አባላት አንድም ሰው የውሎ አበል አልወሰደም። አሰላ የተመላለስነው በራሳችን የትራንስፖርት ወጪ ነው። ይህን የምንጽፈው ለመመስገን ሳይሆን፣ አንዳንድ ቦታ የሚወራው ወሬ ልባችንን ስላቆሰለው ነው።

የተሠራው ሥራም በዚያች ሃያ ደቂቃ መበላሸት ተሰርዞ መታየት የለበትም። ታንከሩን ስንከፍት ከሥሩ ውኃ፣ ዝገትና እንደ አልጌ የሚያዳልጥ ዝቃጭ አገኘን፤ ናፍጣ ለዓመታት ሲቀመጥ እንዲህ ይሆናል። አጠብነው። የአየር ማጣሪያው ውስጥ አይጥ ጎጆ ሠርታ ነበር። ፒስተኖቹ ደርቀው ስለነበር በየሲሊንደሩ ናፍጣና ዘይት ቀላቅለን አፍስሰን ሁለት ሳምንት ጠበቅን፤ ከዚያ በእጅ እያወዛወዝን ቀስ በቀስ አላቀቅናቸው። ወጣቶቻችን ከትምህርት መልስ እየመጡ እስኪመሽ ድረስ ዝገት ይፍቁ ነበር። ፍሬኑ ይይዛል፣ ማርሹ ይገባል፣ ባለ ሦስት ዲስክ ማረሻው ተስሎ ተዘጋጅቷል። የቀረው የሞተሩ ሥረኛ ክፍልና ፖምፓው ነው።

«አሮጌ ብረት ላይ ገንዘብ ከማፍሰስ ለምን ትራክተር አንከራይም?» የሚሉንም አሉ። ይከራያል። ነገር ግን ባለትራክተሩ የሚመጣው ሰፊ ማሳ ወዳለበት ነው። ሁለት ጥማድ መሬት ያላት ባልቴት ዘንድ የሚደርሰው ሁሉም ካለቀ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ጥቁሩ አፈር በሐምሌ ዝናብ ጨቅይቶ ጎማ ያሰምጣል፤ የስንዴው መዝሪያም ያልፋል። ስለዚህ በሬ የሌለው ሰው ምን ያደርጋል? መሬቱን በእኩል ይሰጣል። ከገዛ መሬቱ ካገኘው ምርት ግማሹን በሬ ላለው ያስረክባል።

ይህ ቃል ለእኛ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ። አያቶቻችን እኩል አራሾች ነበሩ። ካዱ የሚባለው የእርሻ ልማት ድርጅት በ1960 ዓ.ም. ገደማ በስዊድን መንግሥት ድጋፍ በአርሲ ጭላሎ አውራጃ ሥራውን ሲጀምር የተሻለ ዘርና ማዳበሪያ መጣ፤ ትራክተርም መጣ። ባለርስቶቹ በማሽን ማረስ እንደሚያዋጣ ሲያዩ ጭሰኛውን ያፈናቅሉት ጀመር። በእኛ አካባቢ ትራክተር በመጀመሪያ የታወቀው ጭሰኛን በማስለቀቅ ነበር። ከዚያ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጁ ታወጀና እኩል መክፈል ቀረ። የኛው ቤላሩስ በናዝሬት (በዛሬዋ አዳማ) ፋብሪካ ተገጣጥሞ፣ 80 የፈረስ ጉልበቱን ይዞ የደረሰው ለያኔው የአምራቾች ማኅበር ነው። በ1982 ዓ.ም. የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲ ሲታወጅና ያ ማኅበር ሲፈርስ በሬው፣ ቆርቆሮው፣ ሞፈርና ቀንበሩ ሳይቀር ለየቤቱ ተከፋፈለ። ትራክተሩን ሸጠን ገንዘቡን እንካፈል ያሉም ነበሩ። አባቶቻችን ግን ከዋርካው ሥር ሦስት ቀን ተከራክረው «ይህ አይከፈልም፤ በሬ ለሌለው ይረስበት» ብለው ወሰኑ። ከእነዚያ ሽማግሌዎች ዛሬ በሕይወት ያሉት ጥቂት ናቸው። ትራክተሩ ቆሞ ሳለ የልጆቻቸው ልጆች ዳግም እኩል ሲከፍሉ ማየት ለዚህ ኮሚቴ ከድካሙ ሁሉ በላይ ይከብደዋል።

ሞተሩ ከተነሳ አንድ ጥንድ በሬ በቀን የሚያርሰው ጥማድ ለእርሱ የሰዓት ሥራ አይሞላም፤ በቀን እስከ አራት ሄክታር ይገለብጣል። ጠቅላላ ጉባኤው ባጸደቀው መሠረት መጀመሪያ የሚታረሰው በሬ የሌላቸው፣ የአረጋውያንና ወላጅ የሌላቸው ልጆች መሬት ነው፤ እነዚህ የሚከፍሉት የናፍጣውን ብቻ ይሆናል። አቅም ያለን ሙሉ ዋጋ እንከፍላለን፤ ገቢውም ለጥገና በተለየ ሒሳብ ይቀመጣል። ዳግም ለልመና እንዳንወጣ የምናስበው በዚህ መንገድ ነው።

አሁን የሚያስፈልገው 170,000 ብር ነው። ክራንክ ሻፍቱን በአዳማ በማሽን ለማስላጨትና ለልኩ የሚሆን ብሮንዚና ለመግዛት 46,000፤ ፖምፓውንና ናፍጣ የሚረጩትን አራቱን ኖዝሎች አስፈትቶ ለማደስና በመሞከሪያ ማሽን ለማስፈተሽ 72,000፤ ለጓርኒሲዮን 14,000፤ ለዘይትና ለፊልትሮ 13,000፤ ለመካኒክ 20,000፤ ለማጓጓዣ 5,000 ብር። በዚህ ጊዜ ፖምፓው የፍተሻ ወረቀት ሳይኖረው ሞተሩ ላይ አይገጠምም፤ ይህንን በቃለ ጉባኤ አስፍረናል። በሁለተኛው ጥሪ የተገኘው 38,500 ብር ቀደም ሲል ከተረፈው ጋር 41,300 ብር ሆኗል። የጎደለው 128,700 ብር ነው።

ገንዘቡ የሚገባው በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ በማኅበሩ ስም በተከፈተው ሒሳብ ብቻ ነው። የሒሳብ ቁጥሩ በጽሕፈት ቤቱ በር ላይ ተለጥፏል፤ በየከተማው ያሉ ተወካዮቻችንም ማኅተም ያለበት ወረቀት ይዘዋል። ያለ ሦስት ፈራሚዎች አንድ ብር ከዚያ አይወጣም። በቴሌብር የምትልኩ ወደዚሁ የባንክ ሒሳብ አስተላልፉ። ውጭ አገር ያላችሁ በባንክ በኩል ላኩ፤ በሰው እጅ የተላከ ገንዘብ ባለፈው ጊዜ ዘግይቶ ብዙ አስጨንቆናል።

ከቤይሩት አንዲት እህታችን ከደመወዟ ቀንሳ 5,000 ብር ስትልክ «ስሜን አትጥሩ፤ የእናቴ መሬት ይታረስ» ብላ ነበር። የእናቷ መሬት እስካሁን አልታረሰም። ክርስቲያኑ ከምጽዋቱ፣ ሙስሊሙ ከሰደቃው ያካፍለን። ያልታረሰ የባልቴት መሬት የማን እምነት እንደሆነ አይጠይቅም። ገንዘብ የሌላችሁ ስንዴ ስጡን፤ በኩንታልም በጣሳም እንቀበላለን፤ ሽጠን ደረሰኝ እንቆርጣለን። መካኒክ የሆነ ልጅ ያላችሁ ለአንድ ሳምንት ላኩልን።

ክራንክ ሻፍቱ አሁን አዳማ ማሽን ቤት ተቀምጧል፤ ቀብድ ከፍለን እስከ ግንቦት 5 ቀን ብቻ ተራ ተይዞልናል። ከዚያ ቀን ካለፍን ሞተሩ ሰኔ ከመግባቱ በፊት አይገጣጠምም፤ የዘንድሮውም መኸር ያመልጠናል።

በድጋሚ እናሳስባለን፦ ኢትዮጵያ ንግድ ባንክ፣ በማኅበሩ ስም የተከፈተው ሒሳብ ብቻ። ለማንም ግለሰብ፣ የኮሚቴ አባልም ቢሆን፣ በግል ስልኩ ወይም በግል ሒሳቡ አትላኩ። የላካችሁበትን ደረሰኝ ፎቶ ለአካባቢያችሁ ተወካይ ስጡ፤ ስማችሁ በመዝገብ ይሰፍራል፤ ካልፈለጋችሁም አይጠራም።

የትራክተር ማስነሻ ኮሚቴ
ሚያዝያ