ለደንበኞቻችን፦ የገና ሙዚቃ ሸክላችሁን ዘንድሮ ለምን በሁለት ቅጂ እንደምንመልስላችሁ

ውድ ደንበኞቻችን፣

እንደምን ከረማችሁ? ኅዳር ሲገባ ወደ ሱቃችን የሚመጣው ሸክላ መልኩ ይቀየራል። ዓመቱን ሙሉ ከእጃችን የማይጠፋው የአገር ቤቱ ባለ 45 (በደቂቃ 45 ጊዜ የሚዞረው ትንሹ ሸክላ) ነው፤ የእነ አምሃ፣ የእነ ካይፋ፣ የእነ ፊሊፕስ ሸክላ አሳታሚዎች ሥራ። በዚህ ሰሞን ግን ሽፋኑ ላይ በረዶና የጥድ ዛፍ ያለበት የፈረንጅ ገና ሸክላ በካርቶን ታጭቆ ይገባል። ከባለቤቶቹ ብዙዎቹ በ70ዎቹና በ80ዎቹ ወደ ዋሽንግተን አካባቢ የመጡ እናቶችና አባቶች ናቸው። አንዳንዱን ደግሞ ልጆቻቸው ይዘውት ይመጣሉ። “ስልካችን ላይ እንድንሰማው አድርጉልን” ይሉናል። ሥራችን ነው፣ እናደርጋለን።

ባለፈው ገና ግን ሁለት ዓይነት ቅሬታ ደረሰን። የሚገርመው፣ ሁለቱ አይስማሙም። አንደኛው “ይንጣጣል፤ ለምን አላጸዳችሁትም?” የሚል ነው። ሌላው ደግሞ “ምን አደረጋችሁት? የኛን ቤት ሸክላ አይመስልም” ይላል። ስለዚህ ከዘንድሮ ጀምሮ እያንዳንዱን የገና ሸክላ በሁለት ፋይል እንሰጣችኋለን። አንዱ ጭረቱና ሽሽታው የተቀነሰለት ነው። ሌላው መርፌው እንዳነበበው፣ ምንም ሳይነካ። ተጨማሪ ክፍያ የለውም። ለምን እንደዚህ እንደወሰንን ግን ትንሽ እናውራችሁ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

“ዘፈኑ ዩቲዩብ ላይ አለ አይደል? ለምን ትለፋላችሁ?” የሚለን ሰው አይጠፋም። አለ። ያው ራሱ መሆኑን ግን እርግጠኛ አትሁኑ።

አሜሪካዊውን ዘፋኝ ቢንግ ክሮዝቢን እንውሰድ። “ዋይት ክሪስማስ”ን መጀመሪያ በሬዲዮ የዘፈነው በ1941፣ በገና ዕለት ነው። ጃፓን ፐርል ሃርበር የተባለውን የአሜሪካ ባሕር ኃይል ሰፈር ከደበደበች ገና ሦስት ሳምንት አልሞላም ነበር። ሸክላ ላይ የተቀዳው በቀጣዩ ዓመት በግንቦት ነው። ከዚያ ወዲያ የሚያቆመው ጠፋ። በየጦር ግንባሩ ያሉ ወታደሮች ለሠራዊቱ ሬዲዮ “እሱን አጫውቱልን” እያሉ ወተወቱ። የሸክላ ኩባንያው አሁንም አሁንም አተመው። በመጨረሻ ሸክላው የሚታተምበት ዋናው ቅጂ ከመደጋገም ብዛት አለቀ። ስለዚህ በ1947 ክሮዝቢ ያንኑ ኦርኬስትራና ያንኑ የአጃቢ ዘማሪዎች ቡድን ይዞ ስቱዲዮ ተመለሰና፣ የድሮውን እንዲመስል አድርጎ እንደገና ዘፈነው።

ዛሬ በሬዲዮም በስልክም በብዛት የምትሰሙት ይሄንን ሁለተኛውን ነው። ለመለየት መግቢያውን ልብ ብላችሁ ስሙ። ፍሉት ካለበትና ሴሌስታ የሚባለው እንደ ትንንሽ ደወል የሚያቃጭል መሣሪያ ከገባበት፣ የ1947ቱ ነው። ከሌለ ደግሞ የ1942ቱ ሊሆን ይችላልና ካርቶኑን ቀስ አድርጋችሁ ያዙት። በገንዘብ ብዙ ስለሚያወጣ አይደለም። ያን አንድ ቅጂ ልጅ ሆኖ የሰማ ሰው ሌላኛውን ብትሰጡት “አይ፣ ይሄ አይደለም” ይላችኋል፤ ምኑ እንደተለየበት ግን አያውቀውም።

እግረ መንገዳችንን፣ ዘፈኑን የደረሰው ኢርቪንግ በርሊን ከሩሲያ ግዛት በልጅነቱ በስደት የመጣ አይሁዳዊ ነው። ብዙ ጊዜ ተቆርጦ የሚቀረው የዘፈኑ መግቢያ ስንኝ ደግሞ ሎስ አንጀለስ ውስጥ፣ በዘንባባና በብርቱካን ዛፍ መሀል ሆኖ የሰሜኑን በረዶ የሚናፍቅ ሰው ነው የሚናገርበት። ናፍቆቱ ሸክላው ሲያረጅ የመጣ እንዳይመስላችሁ፣ ከመጀመሪያው ውስጡ ነበር። በመጀመሪያዎቹ የስደት ዓመታት በየሆቴሉና በየፓርኪንጉ ሲሠሩ ይህን ዘፈን እየሰሙ ያመሹ ደንበኞቻችን ለምን እንደሚወዱት ሲጠየቁ መልስ ያጥራቸዋል። እኛ ግን አይገርመንም።

የዘፋኙ የናት ኪንግ ኮል ነገርም እንዲሁ ነው። “ዘ ክሪስማስ ሶንግ” የተጻፈው በ1945 በጋ፣ ሙቀቱ አላስቀምጥ ሲል ነው። ኮል በ1946 ብቻ ሁለቴ ቀዳው፤ መጀመሪያ ከሦስት ሰው ባንዱ ጋር፣ ቀጥሎ ቫዮሊኖች ተጨምረውበት። በ1953 ደገመው። በ1961 ደግሞ በስቴሪዮ ቀዳው፤ ዛሬ በየሱቁ የሚለቀቀው ይሄኛው ነው። አራቱንም በተከታታይ ብትሰሙ ድምፁ እንዴት እየበሰለ እንደሄደ ይገባችኋል። የኛ ምርጫ የ1953ቱ ነው። ሱቃችን ውስጥ በዚህ ጉዳይ ክርክር አለ፤ አልተፈታም።

ወደ ቅሬታው እንመለስ። የገና ሸክላ ከሌላው የሚለየው በዓመት ለጥቂት ሳምንት ብቻ መውጣቱ ነው። ቀሪውን ጊዜ ከዛፉ ጌጥ ጋር ጣሪያ ሥር ይቀመጣል። ሲወጣ ደግሞ ያው ሸክላ፣ ያው ቅደም ተከተል ነው። አንዱ ገጽ ሃያ ደቂቃ ገደማ ይሄድና ያልቃል፤ አንድ ሰው ተነስቶ ይገለብጠዋል። እንዲህ ያደገ ሰው ስልኩ ላይ አንዱ ዘፈን ሲያልቅ ቀጥሎ የሚመጣውን በልቡ ይጀምረዋል። ስልኩ ሌላ ሲያመጣበት ቅር ይለዋል።

አንዲት ደንበኛችን ያመጣችው ሸክላ ሁለተኛው ገጽ ላይ ረዘም ያለ ጭረት አለበት። ሦስተኛው ዘፈን መሀል ላይ ሲደርስ ሁለት ቃል ያህል ይዘላል። ልናስተካክለው ስንል “እሷን እንዳትነኳት!” አለችን። ቤታቸው ውስጥ ሁሉም ሰው ዘፈኑን ከነዝላዩ ነው የሚያዜመው። ልጆቿ ትክክለኛውን ግጥም ሌላ ቦታ የሰሙ ጊዜ ዘፋኙ የተሳሳተ መስሏቸው ነበር። እንዲህ ያለውን ነገር ኮምፒውተር አያውቅም። ዝላዩም ያው ጭረት ነው ብሎ ይጠግነዋል። ያልተነካውን ቅጂ የምንሰጣችሁ ለዚህ ነው።

“ብንሸጠውስ ስንት ያወጣል?” የምትሉም አላችሁ። ባጭሩ፣ አብዛኛው ጥቂት ዶላር ነው። እነዚህ ሸክላዎች እንደ ጉድ ነው የታተሙት። ጉድይር የተባለው የጎማ ኩባንያ ከ1961 ጀምሮ በየዓመቱ የገና ዘፈኖች ስብስብ ያወጣና ጎማ በሚሸጥባቸው ሱቆቹ በ1 ዶላር ይሸጥ ነበር። ተፎካካሪው ፋየርስቶንም በዓመቱ ተከተለው። ሰዉ ጎማ ሊያስቀይር ሄዶ የታላላቅ ዘፋኞችን ድምፅ ይዞ ይገባ ነበር። ከናንተ ካርቶን ውስጥም እነዚህ አይጠፉም፤ አዘጋጁን ስታዩ እንዳትስቁ። ዝርዝሩ ላይ ያሉት ስሞች ቀላል አይደሉም።

የሚወዳቸውም አዛውንት ብቻ አይደለም። ዘፋኟ ብሬንዳ ሊ በ1958፣ በ13 ዓመቷ የቀዳችው የገና ዘፈን ቢልቦርድ የተባለውን የአሜሪካ የዘፈኖች ደረጃ ሰንጠረዥ አንደኛ ሆኖ የመራው በ2023 ነው። ከ65 ዓመት በኋላ! ያን ያስቻሉት ሲወጣ ያልተወለዱ ልጆች ጭምር ናቸው።

አሁን ወደ ሥራው። ከማምጣታችሁ በፊት እባካችሁ እነዚህን ልብ በሉልን። ከበድ ያለውና ቢወድቅ እንደ ሳህን የሚሰበረው፣ በደቂቃ 78 ጊዜ የሚዞረው የድሮ ሸክላ ከሆነ አልኮል እንዳታስነኩት። የተሠራበትን ሙጫ ያሟሟዋል። በተለመደው ማጫወቻ መርፌም አትሞክሩት፤ መስመሩ ሰፊ ስለሆነ ወፈር ያለ መርፌ ይፈልጋል። እሱ እኛ ጋ አለ። የሚተጣጠፈው የቪኒል ሸክላ ደግሞ ጠላቱ ሙቀት ነው። በጋውን ጣሪያ ሥር የከረመው ብዙ ጊዜ ተጣሞ ነው የሚመጣን፤ ያንን እናቃናለን ብለን ቃል አንገባም። መኪና ውስጥም አታሳድሩት። ስታመጡ አቁማችሁ እንጂ ደራርባችሁ አትጫኑ። ሽፋኑ ላይ ስም ወይም “ለእማዬ” የሚል ጽሑፍ ካለ ንገሩን፤ ፎቶውን ከፋይሉ ጋር እንልክላችኋለን።

ለፈረንጆቹ ገና እንዲደርስላችሁ የምትፈልጉ ከታንክስጊቪንግ በፊት አምጡት። ለኛ ገና ከሆነ እስከ ዲሴምበር አጋማሽ ጊዜ አላችሁ። ስታስረክቡ ቅጹ ላይ “የማይነካ” የሚል ክፍት ቦታ ታያላችሁ። ዝላይ፣ ጭረት፣ መሀል ላይ የገባ የሕፃን ልጅ ሳቅም ቢሆን፣ ጽዱ በሚባለው ቅጂ ላይ እንኳ እንዲቀር የምትፈልጉትን እዚያ ጻፉልን።

ከአክብሮት ጋር፣
የሸክላ ቤታችሁ ባልደረቦች