ልጁ አልኮረጀም

ይድረስ ለአዘጋጁ

ሰላም እንዴት ናችሁ፣ ሰሞኑን ስለ ቢሾፍቱው የብየዳ ቤት ልጅ ያወጣችሁትን አነበብኩት፣ ታሪኩ ጥሩ ነው ፎቶውም አሪፍ ነው ግን ርዕሱ ላይ «ከዩቲዩብ ኮርጆ የጤፍ መውቂያ የሰራው ወጣት» ማለታችሁ አናዶኛል። ምን አገባህ ካላችሁኝ ልጁ የሰፈሬ ልጅ ነው፣ እኔ ደሞ ፎቶ ኮፒና የኮምፒውተር ጽሑፍ ቤት ከፍቼ የምኖር ሰው ነኝ፣ ከዛ በፊት ካሴት ቤት ነበርኩ፣ እንጀራዬ በሙሉ ኮፒ ነው ማለት ይቻላል፣ ስለዚህ በዚህ ቃል ላይ ዝም ብል ይቆጨኛል።

ኮረጀ እኮ ፈታኝ ያለበት ቃል ነው። ገና ስትሰሙት አንገቱን ያሰገገ ተማሪና እጅጌ ውስጥ የተሸጎጠች አጤሬራ ነው የምትታያችሁ። የ12ኛ ክፍል ፈተናን በ2015 መጀመሪያ ላይ ልጆቹን ዩኒቨርሲቲ እያስገቡ መፈተን የጀመሩት በሱ ጦስ ነው፣ ውጤቱ ሲወጣ 50 ከመቶና ከዛ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆነው ሲገኙ ስንቱ ሰው ነው «ለካ እስከዛሬ በኩረጃ ነበር» ያለው (እኔ ሁሉንም በኩረጃ አላሳብብም፣ የማስተማሩም ጉዳይ አለ፣ እሱን ሌላ ቀን)። በኛ ጊዜ የኮረጀው ያልፋል ያልኮረጀው ይደግማል፣ አለቀ። እና ይሄን ቃል ነው አንድ በላቡ የሚያድር ልጅ ላይ የለጠፋችሁት።

ልጁ ምን አደረገ? ሩዝ የሚወቃ ማሽን በስልኩ አየ። እሱን እንዳለ ቢሰራው ኖሮ ጤፏ ከገለባው ጋር በነፋሱ ተጠርጋ ትወጣ ነበር፣ ጤፍ እንደ ሩዝ አይደለችማ፣ ስለዚህ ወንፊቱን ቀዳዳው ደቃቅ በሆነ ለወጠው፣ የማራገቢያውን ፍጥነት ቀነሰው፣ ሁለት ጊዜ አበላሽቶ በሶስተኛው ነው የተሳካለት። የሚኮርጅ ሰው የጎረቤቱን መልስ እንደወረደ ነው እንጂ እየለወጠ ይጽፋል እንዴ!

ለዚህ አይነቱ ነገር ቀዳ የሚል ቃል እያለን ነው። ቀዳ ከግዕዙ ቀድሐ ነው፣ ውሃ ከምንጭ መቅዳት። ውሃም ይቀዳል፣ ጠላም ይቀዳል፣ ድምፅም ይቀዳል፣ ጽሑፍም ይቀዳል፣ ምንጩ ግን እዛው ነው፣ ስለቀዳህ አይጎድልም። ቅጂ የምንለውም ከዚሁ የወጣ ነው፣ ሴትን ቡና ቅጂ ስንላትም ያው ቅጂ ነው፣ አንዴ ባለቤቴ ሱቅ ቡና ይዛ መጥታ ደንበኛው «ሁለት ቅጂ» ሲል እሷ ሁለት ሲኒ ቀድታ አቀረበችለት፣ ሳይከፍል ጠጣ።

ካሴት ቤት እያለሁ ሰው ባዶ ካሴት ይዞ መጥቶ «ቅዳልኝ» ነው የሚለው። ባለ 60 ደቂቃዋ በአንድ ጎን 30 ደቂቃ ብቻ ስለምትይዝ የመጨረሻው ዘፈን መሃል ላይ እየተቆረጠ ይቀራል፣ ሰውየው ዓመት ሙሉ እንደዛው ሲሰማው ከርሞ ሌላ ቦታ ሙሉውን ሲሰማ የተሳሳተው ዘፋኙ ይመስለዋል። ጀርባዋ ላይ ያሉትን ሁለት ትንንሽ ፕላስቲኮች ከሰበርክ ሌላ ነገር አይቀዳባትም፣ ሃሳብህን ከቀየርክ ደሞ ቀዳዳውን በፕላስተር ሸፍነህ እንደገና ትቀዳለህ። ያኔ ማንም ኮረጅክ ብሎኝ አያውቅም። አዋጅ ቁጥር 410/1996 ከመጣ በኋላ ግን ስሙ ራሱ «የቅጅና ተዛማጅ መብቶች» ነው፣ ሕጉ መቅዳትን አልጠላም፣ የምንጩን ባለቤት ጠይቃችሁ ቅዱ ነው የሚለው። እኔ ሳልጠይቅ በቀዳሁት የስንቱን ዘፋኝ እንጀራ እንደበላሁ አልክድም፣ ግን ያም ቢሆን ቃሉ ሌላ ነው።

ገለበጠ ደሞ የቢሮ ቃል ሆኗል። ጽሑፍ ይገለበጣል፣ መኪናም መንግሥትም ይገለበጣል፣ ከደብዳቤ ሥር ግን «ግልባጭ» ተብሎ አምስት መሥሪያ ቤት ይደረደራል፣ አምስቱንም የማባዛው እኔ ነኝ።

ኮረጀ የሚለውን የት ታውሉት መሰላችሁ፣ ባለፈው አንድ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፍ በፍላሽ ይዞ መጥቶ «ስሙን ብቻ ቀይርልኝ» አለኝ። ስከፍተው ምስጋናው ላይ ጽሑፉን የጻፈው የሌላው ልጅ እናት ስም ከነ ልፋታቸው ተዘርዝሯል፣ «ይሄስ እናትህ ናቸው?» ስለው «ኧረ እሱንም አጥፋልኝ» አለ። አልሰራሁለትም፣ ቀጥሎ ያለው ቤት ሳይሰራለት አይቀርም።

ይሄን ሁሉ የጻፍኩት የብየዳው ልጅ ሐሙስ ለት ጋዜጣውን ይዞ ስለመጣ ነው። ብድርና ቁጠባ ሊያመለክት ነው፣ ከማመልከቻው ጋር ሊያያይዘው ፈልጎ። «አምስት ኮፒ አንሳልኝ፣ ግን ርዕሷን ሸፍናት» አለኝ ቀስ ብሎ፣ ሌላ ሰው እንዳይሰማው። ነጭ ወረቀት ቆርጬ ርዕሱ ላይ አድርጌ አነሳሁለት፣ ከላይ ባዶ፣ ከሥር እሱና ማሽኑ። ብር አልተቀበልኩትም። ማስተካከያ ካወጣችሁ ዋናውን ይዞ ይምጣ፣ እንደገና አነሳለታለሁ።

ከቢሾፍቱ፣ ባለ ኮፒ ቤቱ