ደረሰኝ ስለመቁረጥ፦ ለልጄ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፤

እንደምን አለሽልኝ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። አባትሽንም ወገቡን ተሽሎታል።

ባለፈው በስልክ ያልሽኝ ከአእምሮዬ አልወጣ አለኝ። «መንግሥት 900 ቢሊዮን ብር ዕዳ ሲሸከም እኔ በዚህች ሱቅ ምን ብዬ ደረሰኝ እቆርጣለሁ?» አልሽኝ። ንዴትሽ ንዴቴ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ቁጠባ ስመዘግብ የኖርኩ ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ የብድር ነገር እኔንም ያመኛል።

የመንግሥት ድርጅቶች ለስኳሩ፣ ለመብራቱ፣ ለባቡሩ ብለው ከንግድ ባንክ ተበደሩ። መክፈል አቃታቸው። በ2017 ዓ.ም. ፓርላማው እስከ 900 ቢሊዮን ብር የሚደርስ ቦንድ ለባንኩ እንዲሰጥ አጸደቀ። ቦንድ ጥሬ ብር አይደለም፤ ወደፊት እከፍላለሁ የሚል የመንግሥት ቃል ነው። የሚከፍለውም ያው ግብር ከፋዩ ነው። ባንኩ ቢወድቅ ግን መጀመሪያ የሚያለቅሱት እዚህ ቅዳሜ ገበያ ጤፍ የሚቸረችሩት ናቸው፤ ያላቸው ሁሉ እዚያ ነው። ስለዚህ መዳኑን አልቃወምም። የሚያንገበግበኝ ያንን ሁሉ ብድር ማን ፈቀደ፣ ማን ፈረመ የሚለው ተራው ሰው በሚገባው ቋንቋ አለመነገሩ ነው።

አሜሪካኖቹም ይህ ደርሶባቸዋል። መስከረም 2001 ዓ.ም. ባንኮቻቸው ሲንገዳገዱ እነሱን ለማዳን የቀረበውን የ700 ቢሊዮን ዶላር ዕቅድ ተወካዮቻቸው 228 ለ205 ጣሉት። መራጩ በስልክ አጣቧቸው ነበር። የአክሲዮን ገበያው በዚያው ቀን አሽቆለቆለ፤ ከአራት ቀን በኋላ አሻሽለው አጸደቁት። መጋቢት ላይ ደግሞ በሕዝብ ገንዘብ የዳነው ኤአይጂ የተባለ የመድን ድርጅት 165 ሚሊዮን ዶላር ቦነስ ለሠራተኞቹ ሊከፍል ነው ተባለ። አገሩ በቁጣ ነደደ። ለባንኮቹ ከተሰጠው ብዙው በኋላ ተመልሷል። ቤቱን ባንክ የወሰደበት ሰው ቤት ግን አልተመለሰም።

የእኛ የቁጠባና ብድር ማኅበር ውስጥ የሆነውን አልነገርኩሽም። አንድ የኮሚቴ አባል ለጀልባ ሞተር ብሎ ከልክ በላይ ተበደረ። ዓሣው ሲጠፋ መክፈል ተሳነው። ጉባኤ ላይ አንዲት ዓሣ ሻጭ ነጠላዋን አጣፍታ ተነሳችና «እኔ 2,000 ብር ስበደር ሁለት ዋስ አምጪ ብላችሁኛል፤ የእሱ ዋስ ማን ነው?» አለች። መዝገቡን እኔው ገለጥኩት። የዋስ ስም የሚጻፍበት ቦታ ባዶ ነው። ተጯጯህን፣ እስከ ማታ ተከራከርን። በመጨረሻ ጉድለቱን ከመጠባበቂያው ሸፈንን፤ እሱ ከኮሚቴው ወረደ፣ ሞተሩ መያዣ ሆነ። ከዚያ ወዲህ የብድር መዝገቡ በየጉባኤው ጮክ ተብሎ ይነበባል። ያቺ ሴት መዋጮዋን አንድም ወር አላስተጓጎለችም። አቋርጣ ቢሆን ኖሮ «አንቺ መጀመሪያ ያለብሽን ክፈይ» ብለው ያስቀምጧት ነበር።

መጋቢት 2016 ላይ የባንኩ ሲስተም ተበላሽቶ ሰው የሌለውን ብር ከኤቲኤም ሲያወጣ «የሰው ገንዘብ ነው» ብለሽ ከጓደኞችሽ የተጣላሽው አንቺ ነሽ። ከደንበኛ የሰበሰብሽው ቫትም የሰው ገንዘብ ነው፣ ልጄ።

ደረሰኙን ቁረጪ። የፓርላማ ተወካያችሁ መራጮችን ሲያነጋግር ደግሞ ሱቁን ዘግተሽ ሂጂ። ከተበዳሪዎቹ ስንቶቹ መክፈል እንደጀመሩ፣ አሁን ለመንግሥት ድርጅት ብድር የሚፈቅደው ማን እንደሆነ ጠይቂ። ካድበሰበሱብሽ ድገሚ። መልሳቸውን ጽፈሽ ላኪልኝ፤ ለጉባኤያችን አነብላቸዋለሁ።

እናትሽ፣ ከባሕር ዳር